ለደጋ አየር የሚሆን ባለአራት ሞተር ድሮን፦ የትኛውን ዕቃ እንግዛ? ሞተሩንስ እንዴት እናገናኝ?

ባለፈው በጋ ሦስት ተማሪዎች ራሳቸው የሠሩትን ድሮን በካርቶን ይዘው መጡ። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በአንድ አዳራሽ ወለል ላይ አስነሱት። ጉልበት ያህል ከፍ አለ፤ ትንሽ ተንገዳገደ፤ ከዚያ ኃይሉ እንዳለቀ ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ትልቁ ልጅ ከስልኩ ላይ ሰንጠረዥ አውጥቶ «መምህር፣ አንዱ ሞተር ብቻ እኮ 800 ግራም ያነሳል ይላል» አለኝ። ድሮኑን ከጎረቤት ሱቅ በተዋስነው ሚዛን መዘንነው፤ 1,640 ግራም ሆነ። አራት ጊዜ 800 ደግሞ 3,200 ነው። አንድ ድሮን በደንብ እንዲበር ሞተሮቹ በሙሉ ኃይላቸው የክብደቱን እጥፍ ማንሳት አለባቸው፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ እጥፍ ለመሙላት የቀረው ትንሽ ነበር። ልጆቹ ስሌት አልሳቱም። ችግሩ ሰንጠረዡ የተዘጋጀው ለዝቅተኛ ቦታ አየር መሆኑ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ፀሐይ ከወጣና ከሞቀ በኋላ ከሩብም ያልፋል። ፕሮፔለር የሚያነሳው አየሩን ወደ ታች እየገፋ ስለሆነ፣ የሚገፋው ሲሳሳ የሚያነሳውም ይቀንሳል። 800 ግራም የተባለው ሞተር እዚህ 600 ገደማ ይሆናል፤ የልጆቹ 3,200 ግራምም ወደ 2,400 ወረደ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የተሻለች ትመስላለች፤ ነገር ግን ሙቀትም አየርን ያሳሳል። በቀትር ሐሩር እዚያም ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል። ጣርማ በር ወይም መንዝ ላይ የምትሠሩ ደግሞ ከደብረ ብርሃንም የባሰ ጠብቁ።

ስለዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዕቃ ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የቱ ይረክሳል?» ብላችሁ ሳይሆን «በእኛ አየር ስንት ግራም ያነሳል?» ብላችሁ ይሁን። ሌላው ምርጫ ሁሉ ከዚህ መልስ ይከተላል።

ሞተርና ፕሮፔለር

ከአሻንጉሊት የሚወጡት ትንንሽ የካርቦን ብሩሽ ሞተሮች ቤት ውስጥ ለምትበር፣ መዳፍ ለምታክል ድሮን ብቻ ይሆናሉ። ብሩሻቸው ቶሎ ያልቃል፤ ካሜራም ሆነ ሌላ ዕቃ አይሸከሙም። ለመማር ጥሩ ናቸው፤ የደብረ ብርሃንን ነፋስ ግን አይችሉም። ለተማሪ ሥራ የምመክረው ብሩሽ የሌለውን፣ 2212 የሚባለውን መጠን ነው። ቁጥሩ በሞተሩ ውስጥ ያለው ቋሚ እንብርት 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 12 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው ማለት ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው «ኬቪ» በሚባለው ቁጥር ላይ ነው። ኬቪ የጉልበት ቁጥር አይደለም። ሞተሩ ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይናገራል። 1000 ኬቪ ሞተር 11.1 ቮልት ሲያገኝ፣ ፕሮፔለር ካልታሰረበት፣ በደቂቃ 11,100 ጊዜ ይዞራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሻጭ «ቁጥሩ በበለጠ መጠን ጉልበቱ ይበልጣል» ብሎኝ አራት ባለ 2200 ኬቪ ሞተሮች ገዛሁ፤ ባለ 10 ኢንች ፕሮፔለርም አሰርኩባቸው። የመጀመሪያው ሞተር ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላው የጥቅልሉ ቫርኒሽ ሸተተ፤ በባትሪውና በሞተሩ መካከል ገብቶ ዙሩን የሚመጥነው የፍጥነት መቆጣጠሪያም አብሮ ሄደ። ከፍተኛ ኬቪ ትንሽ ፕሮፔለር፣ ዝቅተኛ ኬቪ ትልቅ ፕሮፔለር ይፈልጋል። 2200 ኬቪ ለ6 ኢንች ገደማ፣ 1000 ኬቪ ለ10 ኢንች ነው።

በብዛት የሚገኙት ሁለቱ አማራጮች ባለ 1000 ኬቪው ኤ2212 እና ባለ 920 ኬቪው 2212 ናቸው። በባሕር ዳርቻ ሁለቱም በ10 ኢንች ፕሮፔለር ይሠራሉ፤ የመጀመሪያው ርካሽ ስለሆነም ሰው ይመርጠዋል። እዚህ ደጋ ላይ ግን የኔ ምርጫ 920ው ነው፤ ምክንያቱም 11 ኢንች ፕሮፔለር ለማሰር ያስችላል። ስሌቱን ተከተሉ። ፍጥነቱ እኩል ከሆነ የሚነሳው ክብደት በፕሮፔለሩ ዲያሜትር አራተኛ ርቢ ያድጋል፤ ከ10 ወደ 11 ኢንች ስንሄድ 1.46 እጥፍ ይሆናል። የ920ው ፍጥነት ከ1000ው ዝቅ ስለሚል ይህን በ0.85 (0.92 በራሱ ሲባዛ) እናባዛው፤ የአየሩን መሳሳት ደግሞ በ0.75። ውጤቱ 0.93 ነው። ማለትም 920 ከ11 ኢንች ጋር በደብረ ብርሃን አየር፣ 1000ው ከ10 ኢንች ጋር በባሕር ዳርቻ የሚያነሳውን 93 በመቶ ያህል ያነሳል። 1000ውን ከ10 ኢንች ጋር ይዛችሁ ብትመጡ ግን 75 በመቶው ብቻ ይቀራል። በሞተሩ ላይ የሚወድቀው ጭነት በዚሁ ዓይነት ሲሰላ ከባሕር ዳርቻው ጭነት አይበልጥም፤ ሳሳ ያለው አየር ትልቁን ፕሮፔለር ያቀልለታል። ስሌቱ ግምት ነው፤ በተግባር ሞተሩ እንደ ጭነቱ ፍጥነቱን ትንሽ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። አቅጣጫው ግን ትክክል ነው።

920ውን ስትገዙ አንድ ነገር ተመልከቱ። አንዳንዱ ራሱን የሚያጠብቅ ክር ያለው ሲሆን፣ የሚቀበለው ለእሱ ተብሎ የተሠራውን ፕሮፔለር ብቻ ነው። 11 ኢንች ማሰር ከፈለጋችሁ ለስላሳ ዘንግና ማሰሪያ ያለውን ጠይቁ። ኤ2212ን ይዞ ባትሪውን ከባለ ሦስት ሴል ወደ ባለ አራት ሴል በማሳደግ ጉልበት ለማግኘት የሚሞክርም አለ፤ ያ ሞተር ለሁለትና ለሦስት ሴል የተሠራ ነው፤ በ10 ኢንች ፕሮፔለር አራት ሴል ከሰጣችሁት ይቃጠላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የራሳችሁን ሰንጠረዥ መሥራት ነው። ሞተሩን ከባድ እንጨት ላይ በብሎን እሰሩ፤ እንጨቱን በዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ፕሮፔለሩን ገልብጣችሁ እሰሩት፤ የሞተሩን ዙርም ቀይሩት። ያኔ አየሩ ወደ ላይ ይነፍሳል፤ ሞተሩ ሚዛኑን ወደ ታች ይጫናል፤ የምታነቡት ግራም ሞተሩ የሚያነሳው ክብደት ነው። ሲዞር ማንም ሰው ከፕሮፔለሩ ጎን አይቁም፤ ፕላስቲኩ ሲሰበር የሚበረው ወደ ጎን ነው። ልጆቹ ይህን ሠርተው ከ600 ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ባነበቡ ጊዜ ክርክራችን አበቃ።

ባትሪ

ሁለተኛው ትልቅ ስሕተት እዚህ ነው። የእነዚያ ተማሪዎች ባትሪ ከአሮጌ ላፕቶፖች ከተፈቱ ዘጠኝ ሴሎች የተሠራ ነበር፤ ሦስት በተከታታይ፣ ሦስት በትይዩ። ድካማቸውን አከብራለሁ፤ ለመብራትና ለሬዲዮ ጥሩ ሥራ ነው። ለድሮን ግን አይሆንም። አንዱ ሴል 45 ግራም ገደማ ስለሆነ ዘጠኙ 400 ግራም ይመዝናሉ፤ ባለ ሦስት ሴል 2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ግን ከ200 ግራም በታች ነው። ከክብደቱም በላይ የላፕቶፕ ሴል ፍሰቱ ደካማ ነው። ያረጀ ሴል አምስት አምፔር ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወድቃል። ድሮኑ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ የወረደው አንድም በአየሩ፣ አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በሊፖ ላይ የተጻፈው «ሲ» ባትሪው ምን ያህል ፍሰት መስጠት እንደሚችል ይናገራል። 2.2 አምፔር ሰዓት በ25 ሲባዛ 55 አምፔር ነው። አራት ሞተሮች በሙሉ ኃይል እያንዳንዳቸው 15 አምፔር ቢስቡ 60 ይሆናል፤ ስለዚህ 25ሲ በትንሹ ያንሳል፤ 35ሲና ከዚያ በላይ ፈልጉ። 1,200 ግራም የሚመዝን ድሮን ለማንዣበብ ብቻ 15 አምፔር ገደማ ይፈልጋል፤ ከባትሪው 80 በመቶውን ብቻ ብንጠቀም ሰባት ደቂቃ ይሆናል። በሳሳ አየር ያንኑ ክብደት አየር ላይ ለማቆየት 15 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይወጣልና ስድስት ደቂቃ ብላችሁ ያዙት። ትልቅ ባትሪ ብንጨምርስ? ይረዝማል፤ ነገር ግን ክብደቱ የጊዜውን ጭማሪ ይበላዋል። ለዚህ መጠን ድሮን ከ3,000 በላይ አልሄድም።

ውርጭ ባለበት የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ባትሪው ይደነዝዛል። እስክትጠቀሙበት ድረስ ከልብስ ስር፣ ከሰውነታችሁ ጋር ያዙት። የሴሎቹን ቮልቴጅ የሚያመጣጥን ቻርጀር የግድ ነው። አንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት አይለፍ፤ ከ3.5 በታችም አታውርዱት። ያበጠውን ባትሪ «ለአንድ ጊዜ ብቻ» ብላችሁ አትሰኩት።

አካሉ

ኤፍ450 የሚባለው የፕላስቲክ አካል 280 ግራም ገደማ ነው፤ ሲሰበር አንዱን ክንድ ብቻ መቀየር ይቻላል። ክንዶቹ በሁለት ቀለም ስለሚመጡ ፊቱና ጀርባው ከሩቅ ይለያል፤ ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአሉሚኒየም መስኮት ሠሪዎች ከሚተርፈው አራት ማዕዘን ቱቦና ከኮምፔንሳቶ የሚሠራውም መልካም ነው፤ ጠንካራ፣ ርካሽ፣ የልጆች እጅ ሥራ የሚታይበት። ግን ብሎን ሳትጨምሩ መዝኑት፤ ከ350 ግራም ካለፈ ቀዳዳ አብጁለት ወይም አሳንሱት። ከእንጨት ሰሌዳ ስትሠሩ፣ በጎን ለጎን ሞተሮች መካከል ያለው ርቀት ከፕሮፔለሩ ዲያሜትር በሦስት ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ከሞተር እስከ ሞተር በሰያፍ 450 ሚሊ ሜትር በሆነ አካል ላይ ይህ ርቀት 318 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የ11 ኢንች ፕሮፔለር፣ ማለትም 279 ሚሊ ሜትር፣ ይገባል።

የበረራ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ

ይህ ሰሌዳ ድሮኑ ሚዛኑን እንዲጠብቅ የየሞተሩን ፍጥነት የሚያዝ አእምሮው ነው። ተማሪ ገንዘቡን ሁሉ እዚህ ላይ ማፍሰስ ይወዳል፤ እኔ ግን ሞተሩና ባትሪው እስኪስተካከሉ ድረስ በዚህ ላይ እቆጥባለሁ። አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለውን የመማሪያ ሰሌዳ፣ ማዘንበልና መዞርን ከሚለካው ኤምፒዩ6050 ጋር አገናኝቶ ፕሮግራሙን ራስ መጻፍ ብዙ ያስተምራል፤ የአንድ ዓመት ፕሮጀክት ከሆነ ይህን ምረጡ፤ ለአንድ ሴሚስተር ግን አይደርስም። ኬኬ 2.1.5 የራሱ ስክሪንና አራት ቁልፎች አሉት፤ ኮምፒውተር በሌለበት ትምህርት ቤት ይህ ዋጋ አለው፤ ሳተላይት ተከትሎ መብረርም ሆነ ከፍታ መጠበቅ ግን አይችልም። ኤፒኤም 2.8 በርካሽ ስለሚሸጥ ያታልላል። ባለ 8 ቢት ነው፤ የሚሠራበት የበረራ ፕሮግራም፣ አርዱፓይለት፣ ለዚያ ሰሌዳ የሚሆን አዲስ ስሪት ማውጣት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ያንኑ ገንዘብ ትንሽ ጨምራችሁ ባለ 32 ቢት ፒክስሆክ ወይም ኤፍ405 በሚባል ፕሮሰሰር ላይ የተሠራ ሰሌዳ ብትገዙ ከሁለት ዓመት በኋላም ያገለግላችኋል። ከፍታ የሚለካው የአየር ግፊት መለኪያ ባለበት ሰሌዳ ላይ ትንሽ ስፖንጅ ሸፍኑበት፤ የእኛ ነፋስ በቀጥታ ሲመታው የተሳሳተ ከፍታ ያነባል።

ሪሞቱ ፍላይስካይ ኤፍኤስ-አይ6 ቢሆን ይበቃል። በስልክ ዋይፋይ ለማብረር አትሞክሩ።

የፍጥነት መቆጣጠሪያና የሞተር ገመድ

ብሩሽ የሌለው ሞተር በቀጥታ ከባትሪ ጋር አይገናኝም። ከሦስት ገመዶቹ ሁለቱን ባትሪ ላይ ብታደርጉ አይዞርም፤ ይግላል፤ ይቃጠላል። በመካከል የፍጥነት መቆጣጠሪያ መኖር አለበት፤ ለ2212 ባለ 30 አምፔር ይሁን። አራቱን በአንድ ሰሌዳ የያዘው ቀላልና ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ክፍል ከተቃጠለ ሙሉው ይጣላል፤ አዲስ እስኪመጣም ሳምንታት ይጠበቃል። ስለዚህ ለተማሪ አራት የተለያዩትን፣ አምስተኛ ትርፍ ጨምራችሁ ግዙ።

ሦስቱ የሞተር ገመዶች በፈለጋችሁት ቅደም ተከተል ይገናኛሉ፤ ዙሩ የተሳሳተ ከሆነ ማናቸውንም ሁለቱን አቀያይሩ፤ ይገለበጣል። የባትሪው ቀይና ጥቁር ግን ሊቀያየር አይገባም፤ አንዴ ብቻ በስሕተት ቢገባ መቆጣጠሪያው ያበቃለታል። የቤት መስመር የሚዘረጋበትን ነጠላ ጠንካራ ሽቦ አትጠቀሙ፤ በንዝረት ውስጡ ይሰነጠቃል። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት፣ ከሁለት ካሬ ሚሊ ሜትር የማያንስ ለስላሳ ገመድ ለዋናው መስመር አድርጉ። ብየዳው የሚያብረቀርቅና ገመዱ ውስጥ የጠለቀ ይሁን፤ ደብዝዞ እንደ ጠብታ የተቀመጠ ከሆነ ሶልደሩ አልያዘም፤ እንደገና አሙቁት። ናስትሮ በሙቀት ይለቃል፤ በሙቀት የሚጨማተተውን ቱቦ ተጠቀሙ።

ከየመቆጣጠሪያው ወደ ሰሌዳው ሦስት ቀጫጭን ገመዶች ይሄዳሉ። ቀዩ ባለ 5 ቮልት ኃይል ነው። አራቱም ቀይ አብረው ቢገቡ፣ በተለይ ስዊቺንግ የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ ትታችሁ የሦስቱን ፒን ከሶኬቱ አውጡና ሸፍኑት። ሰሌዳው የራሱ የኃይል ክፍል ካለው አራቱንም አውጡ። ጥቁሩና የሲግናሉ ገመድ ግን ሁልጊዜ ይገናኛሉ።

አሁን አቅጣጫው። ከላይ ስትመለከቱት ፊት ግራና ኋላ ቀኝ ያሉት በሰዓት አቅጣጫ፣ ፊት ቀኝና ኋላ ግራ ያሉት በተቃራኒው ይዞራሉ። በዚህ መንገድ የሁለቱ ጥንዶች የመጠምዘዝ ኃይል ይጠፋፋል፤ ድሮኑ እንደ እንዝርት አይሽከረከርም። ይህ አቅጣጫ በአርዱፓይለትም፣ ሌላው የበረራ ፕሮግራም በሆነው በቤታፍላይትም፣ በኬኬም ያው ነው። ልዩነቱ ቁጥሩ ላይ ነው፤ ብዙ ድሮን የሚገለበጠውም በዚህ ነው። ቁጥር አንድ ሞተር በአርዱፓይለት ፊት ቀኝ፣ በቤታፍላይት ኋላ ቀኝ፣ በኬኬ ፊት ግራ ነው። ለአንዱ የተሠራ ሥዕል አይታችሁ ሌላውን ሰሌዳ ካገናኛችሁ፣ ድሮኑ ገና ሲነሳ በጀርባው ይወድቃል። በየክንዱ ላይ ቁጥሩንና ቀስቱን በቀለም ጻፉ። ፕሮፔለሩ ላይ ጎልቶ የተጻፈው ጽሑፍ ወደ ላይ ይመልከት።

የመጀመሪያው ኃይል

ባትሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አትሰኩ። በቀዩ ገመድ መካከል የመኪና ፍሬቻ አምፖል፣ ባለ 12 ቮልት 21 ዋት፣ በተከታታይ አስገቡ። ሁሉ ትክክል ከሆነ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይጠፋል ወይም ደብዝዞ ይቀራል። ደምቆ ከበራ የሆነ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው፤ ወዲያው ንቀሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ በዚህ አምፖል ምክንያት አንድም መቆጣጠሪያ አልተቃጠለብንም።

ፕሮፔለር እስካሁን አልታሰረም፤ ወደፊትም አቅጣጫውና ቁጥሩ ሁሉ እስኪረጋገጥ አይታሰር። ሪሞቱ ሲጠፋ ሞተሮቹ መቆማቸውንም በዚሁ ጊዜ ፈትሹ።

ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርንና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይመለከታል፤ ትምህርት ቤታችሁ በደብዳቤ ይጠይቅላችሁ። ፈቃድ ሳይኖር ሜዳ ላይ አታውጡት። በአካባቢያችን ባለው ሁኔታ የድሮን ድምፅ እናቶችንና ሕፃናትን ያስደነግጣል፤ ይህንን ማሰብ የእኛ ግዴታ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ ውስጥ፣ አካሉን በአራት አጭር ገመድ ከወለሉ ጋር አስራችሁ፣ ክንድ ያህል ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩት።

ልጆቹ ላፕቶፕ ባትሪውን በሊፖ፣ ሞተሮቹን በ920፣ ፕሮፔለሮቹን በ11 ኢንች ቀየሩ፤ ከአሉሚኒየሙም ቆረጡ። ድሮኑ 1,210 ግራም ሆነ። በገመድ ታስሮ ተነሳና የሪሞቱ የኃይል ዘንግ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ባለበት ቦታ አንዣበበ። አንድ ደቂቃ አቆይተው አወረዱት፤ ባትሪውን ነቀሉ፤ ትንሹ ልጅም አራቱን ሞተሮች በየተራ በጣቱ ዳሰሳቸው። ሦስቱ ለብ ብለዋል፤ አራተኛው፣ ኋላ ግራ ያለው፣ ጣት የማያስቆይ ትኩስ ነበር። ፈትተን አየነው፤ የማሰሪያው ብሎን ረዝሞ የውስጡን ጥቅልል ነክቶታል። በሁለት ሚሊ ሜትር የሚያጥር ብሎን ቀየርንለት።